ከቁርጭምጭሚት በታች

«ካልሲውን እስክትጨርስ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል። የቅዳሜው ሠርግ ይለፍና እሑድ ምሳ ላይ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

ይህን ያለችው የኦስላ ምራት ዴኒዝ ናት። ኦስላ የሰማችው ደግሞ ባዶ የሻይ ኩባያዋን ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ውጭ፣ ጨለም ባለው ኮሪደር ቆማ ነው። ጆሮ ልትጥል አልመጣችም፤ ኩባያዋን ልታጥብ ነው የመጣችው፣ ያውም በገዛ ቤቷ፣ የገዛ ኩባያዋን። በሩ ገርበብ ብሏል። ዴኒዝ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ከእህቷ ጋር እያወራች መጥበሻው ላይ ቋሊማ ታገላብጣለች፤ ማግነስ፣ የኦስላ ልጅ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ዳቦ ላይ ቅቤ ይቀባል። «የአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ ክፍሉማ ተገኝቷል» አለች ዴኒዝ፤ «ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚዘፍንላቸው ሰው ሁሉ ይመጣል። እነሮሪ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ የፊቱን ክፍል ይይዛሉ። እሷ ምን ታደርግበታለች? ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተጎልታ መርፌ ማንቀሳቀስ ነው።» ኦስላ ማግነስ አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። የወለደችው ልጅ ነውና ለመናገሪያ የሚበቃ ጊዜ ሰጠችው። ማግነስ ዳቦውን ገመጠ።

ኩባያውን ሳታጥብ ወደ ክፍሏ ተመልሳ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። ቀስ ብላ መዝጋቷ ራሱ አናደዳት። ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ድመት ተሹለክልኮ ይሄዳል? ግላስጎው ውስጥ፣ ዱክ መንገድ ላይ ያለውን ይህን ሁለተኛ ፎቅ ያፈሩት እሷና ባሏ ዳንካን ናቸው። ዳንካን ዕድሜ ልኩን መርከብ ማምረቻው ውስጥ ብረት ሲበይድ ኖሮ የሞተው እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ መስኮት ሥር ነው። ማግነስ የምንጣፍ ሱቁ የተዘጋበት ጊዜ ሚስቱንና ልጁን ይዞ፣ ሁለት ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ «ለአንድ ወር ብቻ ነው፣ እማ» ብሎ መጣ። ወሩ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሞላው። መጀመሪያ የጓሮውን መኝታ ቤት ያዙ። ቀጥሎ ዴኒዝ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ «ላስተካክል» ብላ የኦስላን ድስቶች ካርቶን ውስጥ ከትታ ኮሪደር ጥግ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ መካከለኛው ክፍል የቴሌቪዥኑ ሆነ። ኦስላ አንድ ቃል ሳትተነፍስ እያፈገፈገች፣ እያፈገፈገች መጥታ ይቺ የፊት ክፍል ላይ ቆመች። በሦስት በኩል መስታወት ያላት፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን እንኳ ብርሃን የማታጣ ክፍል ናት። አሁን እሷም ተፈለገች።

ወንበሯ ላይ የቆዳ ቀበቶዋ ተጥሏል። ፊት ለፊቱ በፈረስ ፀጉር የተጠቀጠቀ፣ በቀዳዳ የተበሳሳ ቀበቶ ነው፤ ወገቧ ላይ ታጥቃው አንዱን መርፌ ቀዳዳው ውስጥ ስትሰካ ቀኝ እጇ ከመያዝ ነፃ ይወጣና ክር መወርወር ብቻ ይሆናል ሥራው። ያደገችበት የሼትላንድ ደሴት ሴቶች እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ እንዲህ እየሠሩ ከብት ይነዳሉ፣ እንዲህ እየሠሩ ሰው ያማሉ። መሳቢያው ላይ፣ የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት ተወጥሮ፣ ያለቀው አንዱ የካልሲ እግር ቆሟል። የሮሪ፣ የልጅ ልጇ የሠርግ ካልሲ ነው። ኪልት ከሚባለው የስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ጉርድ በታች ባትን ጥብቅ አድርጎ ይዞ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ፣ ቀለሙ የድንጋይ ሽበት የመሰለ አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ ደግሞ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ሰፊ እጥፋት። ሥራው የሚጀመረው ከዚህ እጥፋት ነው፣ ያውም በተገላቢጦሽ፤ ኋላ ሲታጠፍ ውስጡ ውጭ ስለሚሆን። በዚህ ቤት ሙሽራ የተከራየ ነጭ ካልሲ አድርጎ አያውቅም። ለዳንካን ሠርታለታለች፣ ለማግነስም ሠርታለታለች። ከልብስ አከራይ ሱቅ የሚመጣው ነጭ ካልሲ ለኦስላ ካልሲ አይደለም፤ ሙሽራውን ሁለት እግሩን ተሰብሮ በፋሻ የታሰረ ሰው ያስመስለዋል።

ሁለተኛውን እግር ትናንት ከአናቱ አንስታ፣ ባቱን አሳልፋ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርሳው ነበር የተኛችው። በደስታ ነበር የሠራችው፣ እያንጎራጎረች። የቀረው ተረከዙ፣ የእግሩ መዳፍና ጣቶቹ ናቸው፤ የአንድ ቀን ሥራ። ቀበቶዋን ታጠቀች፣ መርፌውን ሰካች፣ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመች። ሥራውን ያስተማረቻት አክስቷ ኢና «ተናደሽ መርፌ እንዳትይዢ፤ ቁጣሽን እግሩ ይሸከመዋል» ትላት ነበር። ልጅ ሳለች ይህ አባባል እንደ ተረት ነበር የሚመስላት። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ትዝም አላላት። እጇ ሥራ ካላገኘ ዴኒዝ ፊት ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ብቻ ነው የታወቃት።

ከዴኒዝ ይልቅ ያንገበገባት ሌላ ነው። ዴኒዝ ያው ዴኒዝ ናት፤ ከራስ በላይ ነፋስ ብላ ያደረች ሴት፣ ዛሬ አልተለወጠችም። ማግነስም ያው ማግነስ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ኦስላ ግን የወለደችው አንድ ብቻ ስለሆነ አማርጣ የምትወደው ሌላ የላትም። ሮሪስ? ሮሪ ያውቃል ወይ? ተረከዙን ስታዞር፣ ክሩን ስትስብ፣ ደግማ ስትስብ፣ ይህንኑ ነበር የምታስበው። ልጁ አሥር ዓመቱ ሳለ ወደዚህ ቤት ሲመጣ የሚተኛበት ስላልነበረ እዚሁ እሷ ክፍል ታጣፊ አልጋ ተዘርግቶለት ነው ያደገው። አያቱን የሚጠራት «ናና» ብሎ ነው፤ «ናና፣ መርፌዎቹን አጫውቺያቸው» ይላት ነበር እንቅልፍ እምቢ ሲለው፤ ቅጭ ቅጭ የሚለውን ድምፅ እየሰማ ይተኛል። አሁን ሌላ ሰፈር ከእጮኛው ከጄማ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ኪራዩ አንገታቸውን አንቆ ይዟቸዋል። የፊቱ ክፍል ቢሰጠው ምን ይላል? አሮጊቷን ከነወንበሯ አውጡልኝ ይላል? አይልም። ሮሪ አይልም። ልጁን ሳይነግሩት ነው የዶለቱት። ይህን ለራሷ ነገረችና ክሩን ሳበችው።

ዴኒዝ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ቋሊማ የተቀበረበት ክብ ዳቦ በሳህን፣ ሻይ በሌላ እጇ ይዛለች። ዴኒዝ ቁርስ ይዛ የመጣችበትን ቀን ኦስላ አታስታውስም።

«እማዬ፣ አልበላሽም እኮ! ስትሠሪ ምግብ የሚባል ትረሻለሽ።»

«አልራበኝም።»

«እንዴት እየሄደ ነው? ዛሬ ያልቃል አይደል? ሮሪ ማታ መጥቶ ይለካዋል። የጄማ አባት የመጀመሪያውን ፎቶ አይቶ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ይሄ ካልሲ ሳይሆን ሐውልት ነው› አለ። እጅሽን ይባርከው፣ እውነቴን ነው።»

«ማለቁ አይቀርም» አለች ኦስላ። «ያልቃል። ከዚያ ምን ሊሆን ነው የቸኮልሽው?»

«ኧረ ምንም! ሠርግ ነዋ፣ ምን ይሆናል?» ዴኒዝ ሳቀች፤ ስትስቅም ዐይኗ መስኮቱ ላይ ሄደ። ከግራ ጥግ ተነሥቶ በመሃሉ አልፎ እስከ ቀኝ ጥግ ሄደና ወደ ወለሉ ወረደ። ሴትየዋ መጋረጃ እየለካች ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ኦስላ አንገቷን ደፍታ የክሩን ቀለበት በቀለበት ላይ ሰደረች፤ ዴኒዝ ከወጣች በኋላ ዳቦውን ለርግቦቹ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አደረገችላቸው።

ተረከዙ ሲያልቅ ክፍሉ ጠበባት። ሥራዋን ከነመርፌው ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ቀበቶዋን ከካፖርቷ ሥር እንደታጠቀች ወጣች። የጋራው ደረጃ ላይ የምድር ቤቷ ጎረቤት ቤሲ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች፤ ደረጃውን የማጽዳት ተራ የእሷ ነው፣ የሁልጊዜም ተራ የእሷ ነው፣ የሌሎቹን ጽዳት ስለማታምነው። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ባለቋሊማውን ዳቦ ሦስት ፓውንድ ከሃምሳ ማስገባቱንና ቋሊማው ግን ከበፊቱ መሳሳቱን ተነጋገሩ። የጋዝ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ቤሲ በረጅሙ ተነፈሰች።

«አንቺስ ተገላገልሽ፣ እናቴ» አለች። «እዚያ ማሞቂያው በክፍያው ውስጥ ነው አሉ። ቀንም ሌሊትም ሙቀት ነው።»

«እዚያ የት?»

ቤሲ ወለሉን አንድ ጊዜ ወለወለች፤ የወለወለችውን ደግማ ወለወለች። «ዴኒዝ… እኔ እኮ የነገሩሽ መስሎኝ ነው። ትናንት ነው የነገረችኝ። ‹ደስ ብሏት ነው የምትሄደው› አለችኝ።»

«ደስ ብሏት አለች?»

«እኔማ ‹ይገርማል› ነው ያልኳት! ኦስላ፣ እኔ ብሆን አንዲት ዙር አልሠራላቸውም ነበር። ክሩን እንደ እባብ ጠቅልዬ ነው በአፏ የምከትላት።»

«ልጁ ምን አጠፋ?» አለች ኦስላ። «ልጁ አያውቅም።»

ቤሲ አቀርቅራ መወልወያዋን ባልዲው ውስጥ ነከረች፤ ኦስላም ወደ ዝናቡ ወጣች። እንግዲህ ደረጃው ሁሉ ያውቃል። ዳቦ ቤቱም ያውቅ ይሆናል። የነገሩ ባለቤት ብቻ ናት የማታውቀው፤ የሞተች ይመስል ዕቃዋን እየተከፋፈሉ ነው። መንገዱን ስትሻገር አንድ ብስክሌተኛ ደወሉን አንቃጨለባት፤ እሷም በዚህ ዕድሜዋ አፏ ላይ መጥቶ የማያውቅ ስድብ ሰደበችው። ትንሽ ቀለላት። ከመናፈሻው ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ገብታ፣ የሁለት ፓውንድ ከስልሳ ሻይ አዝዛ፣ ቀበቶዋ ላይ መርፌ ሰክታ የእግሩን መዳፍ ጀመረች። አጠገቧ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች መጀመሪያ ፈገግ አሉላት። ቆይተው ግን ወሬያቸውን አቋርጠው እጇን ያዩ ጀመር። ሹራብ የምትሠራ አሮጊት ሰው ደስ የምታሰኘው ፊቷ ረጋ ሲል ነው። የኦስላ ፊት አልረጋም፤ መርፌዎቹ የሚጋጩት ቢላ እንደሚሳል ነበር። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ ሳለ ጥቁር ታክሲ መጥቶ ቆመና መስታወቱ ወረደ። ማግነስ ነው፤ ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ታክሲ ነው የሚነዳው።

«እማ፣ በዚህ ዝናብ? ግቢ፣ ግቢ።»

ገባች። ከኋላ፣ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ተቀመጠች። ቆጣሪውን አጠፋው። ሥራዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀጠለች፤ ማግነስ በፊት መስታወቱ ውስጥ አየት አደረጋትና ዐይኑን መለሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል ይህን ድምፅ። መጀመሪያው መብራት ላይ ሲቆሙ «እማ…» አለ። ኦስላ እጇን አቆመች። «ብርድ አለ፣ አይደል?» አለ። «አለ» አለች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ገበያው ጋ ሲደርሱ እንደገና መንገዱ ተዘጋጋ፤ ማግነስ መሪውን በአውራ ጣቱ ይመታ ጀመር፣ ልክ የቤት ሥራውን ሳይሠራ በቀረ ቀን ጠረጴዛ እንደሚመታው። «እማ፣ እኔ የምልሽ…» እንደገና እጇን አቆመች። በልቧ «ተናገረው፣ ተናገረው፣ ሰው ሁን» አለችው። አሁን ቢነግራት፣ አሁን «እማ፣ እንዲህ ልናደርግ ነው፣ አፈርኩ» ቢላት፣ እንኳን ልትጣላው ልታለቅስለት ተዘጋጅታ ነበር። «ካልሲው ጥሩ እየሄደ ነው?» አለ ማግነስ። ከፊታቸው ያለው የጭነት መኪና ተንቀሳቀሰ። «ይሄዳል» አለችና ክሩን እስኪንጣጣ ሳበችው። በር ላይ ሲያደርሳት ወርዶ በሩን ከፈተላት፣ ቦርሳዋን ያዘላት፣ ክንዷን ደገፈ። ቸር ልጅ ነው። የሚጎድለው ነገር ምላስ ብቻ ነው፤ ምላስ የሌለው ቸርነት ደግሞ ለማን ይጠቅማል?

አመሻሹ ላይ ሮሪ መጣ። ገና ከበሩ ኮሪደሩን በሳቅ ሞላው። የተከራየውን ኪልት፣ ጃኬቱንና ወገብ ላይ የሚንጠለጠለውን የቆዳ ከረጢት መካከለኛው ክፍል ውስጥ ለብሶ፣ ባዶ እግሩን ወደ ኦስላ ክፍል ዘልቆ እንደ ዳንኪረኛ ዞር አለ። ሽንሽኑ ተበተነና ተመልሶ ወደቀ። ዴኒዝ ስልኳን ለፎቶ ይዛ በሩን ተደገፈች። ማግነስ ከኋላዋ ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል።

«እግሬን ተመልከቺው፣ ናና» አለ ሮሪ፣ «የዶሮ እግር! ይህን የዶሮ እግር ሰው የሚያደርገው ያንቺ ካልሲ ብቻ ነው።»

«ዳንካንም እንዲህ ነበር፤ ከጉልበት በታች የቆቅ ዘመድ ነበር» አለች ኦስላ፣ ቀኑን ሙሉ ያልፈገገ ፊቷም ሳታዝዘው ፈታ አለ። ልጁ እንዲህ ነው። የዳንካን ትከሻ፣ የዳንካን ግንባር ያለው ልጅ ፊቷ ቆሟል። አያውቅም። እንዲህ እየሳቀ የሚመጣ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ከእንጨቱ ላይ አንደኛውን እግር አውልቃ ሰጠችው። ሮሪ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አጠለቀው፤ የካልሲው ተረከዝ ተረከዙ ላይ አረፈ፣ ባቱ ላይ ተለጠፈ፣ እጥፋቱ ሲወርድ አልማዞቹ በመደዳ ተሰለፉ። ዴኒዝ ፎቶ አነሣች። ኦስላ የሁለተኛውን ጣቶች ከደቂቃዎች በፊት ነበር የዘጋችው፤ ክሩን እንኳ ገና አልቆረጠችውም። ጥቅሉ እንደተንጠለጠለ ሰጠችው።

የሮሪ እግር በካልሲው ባት በኩል ሰተት ብሎ ወረደ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሮሪ ሳቀና ገፋው። ጣቶቹን አጥፎ ዳግመኛ ገፋው። በሁለት እጁ ይዞ ሳበው፤ ተረከዙ ካልሲው መሃል ላይ ተቀርቅሮ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አለች ዴኒዝ። «ያኛው ገብቷል እኮ! ቀስ በል፣ እንዳትቀደው። ኦስላ፣ ምንድን ነው? ልኩን ተሳሳትሽ እንዴ?»

ኦስላ ተነሥታ ልጁ ፊት ተንበረከከች። ጣቷን በባቱ በኩል አሳለፈች፤ ለስላሳ ነው፣ ይለጠጣል። ወደ ታች ሄደች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጣቷ አንድ ነገር ነካ፤ ወደ መብራቱ ስታዞረው ታየ። ካልሲው ዙሪያውን መስመር አለው። ከመስመሩ በላይ ያው የሁልጊዜ እጇ ነው፣ እያንዳንዱ ቀለበት ተንፍሶ የተቀመጠ። ከመስመሩ በታች ግን ሌላ ሴት የሠራችው ይመስላል፤ ቀለበቶቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ተጣብቀዋል፣ ክሩ እንደ ገመድ ደርቋል። ክሩም መርፌዎቹም የቀለበቱም ቁጥር ያው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ሆኖባት አያውቅም። መጀመሪያ የተሰማት እፍረት ነበር፤ ፊቷ ጋለ። ያኔ አክስቷ ኢና ያለችው ነገር ትዝ አላት፤ ከእፍረቱ ሥርም ሌላው መጣ።

«ልኩን አልተሳሳትኩም» አለች፣ እዚያው እንደተንበረከከች። መስመሩን በጥፍሯ አሳየች። «ከዚህ በላይ ያለውን የሠራሁት ሳልሰማ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ ከሰማሁ በኋላ።»

 ከታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ ሲያልፍ መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ። ዴኒዝ ስልኳን ዝቅ አደረገች።  ማግነስ ወለሉን ያየዋል። ኦስላ ግን ሁለቱን አልተመለከተችም። የምታየው ሮሪን ነበር። ግራ ገብቶት «ምኑን?» እንዲላት፣ «ምንድን ነው የምታወሩት?» እንዲላት ትጠብቃለች፤ ጠዋት በኮሪደሩ አባቱን እንደጠበቀችው።

ሮሪ ቀላ። እጁን ትከሻዋ ላይ አኖረና በዚያ ሲያባብላት በሚያወጣው ድምፅ «ናና» አለ። «ናናዬ፣ እንዲህ እንድትሰሚው አልፈለግንም። ግን እኮ ጥሩ ነው፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። መስኮቱ ከዚህም ይሰፋል። ወንበርሽ ደግሞ ይገባል፤ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ።»

ለክቶታል። መጥቶ፣ እሷ ስታንቀላፋ ይሁን ሱቅ ስትሄድ፣ ሜትር ዘርግቶ ወንበሯን ለክቶ፣ ሄዶ ደግሞ እዚያ ለክቶ። እሷ የባቱን ውፍረት፣ የተረከዙን ርዝመት ስትለካ «ትኮረኩሪኛለሽ» እያለ የሳቀው በዚያው ሰሞን ነው። ዴኒዝ ብትለካት ባልገረማት፤ ማግነስ ቢለካት በናቀችው። ይህ ግን አንጀቷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከሁሉ የከፋው ልጁ ደግ ሥራ የሠራ መስሎት ዐይኗን ማየቱ ነው። የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ተነሣች። ሊረዳት ሲል እጁን ገፋችው።

«አውልቀው።»

«ናና…»

«አውልቀው አልኩህ!»

አወለቀው። ተቀብላው ወንበሯ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ጣቶቹ የተዘጉበትን ጫፍ በመርፌ ፈልጋ አላቀቀችና ክሩን ሳበች። ካልሲው ከጫፉ መተርተር ጀመረ። ዙር በዙር፣ ትርርር እያለ፣ የሻይ ቤቱ፣ የታክሲው፣ የጠዋቱ። ክሩ የተሠራበትን ቅርጽ ይዞ እየተቆለመመ ጭኗ ላይ ይከመራል፤ እሷም ጥቅሉ ላይ ትጠመጥመዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ዴኒዝ ጮኸች። «ሠርጉ እኮ ቅዳሜ ነው! ዛሬ ሐሙስ ነው! ማግነስ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ!»

«ካልሲውን እስክትጨርስ ነው ያልሽው፣ ዴኒዝ» አለች ኦስላ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «አልጨረስኩም።»

«እሺ፣ እንነጋገር። እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብለን…»

«እሑድ ምሳ ላይ ነበር አይደል የምትነግሩኝ? ቀስ ብላችሁ? እኔ ቀስ ማለት አልችልበትም፤ ዛሬውኑ ልንገራችሁ።» መተርተሯን ገታ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን አየችው፤ ማግነስም ከዴኒዝ ጀርባ ወጥቶ ሙሉ ፊቱን አሳያት። «ማግነስ፣ ሁለት ሻንጣ ይዘህ እዚያ በር ላይ ቆመህ ምን ነበር ያልከኝ?»

ማግነስ ከንፈሩን ላሰ። ሁሉም ጠበቁት። በዚህ ቀን ውስጥ አራተኛ ጊዜው ነበር፤ በመጨረሻም መልስ ወጣው።

«ለአንድ ወር ነበር ያልኩሽ፣ እማ።»

«ወሩ እሑድ ያልቃል» አለች ኦስላ።

ዴኒዝ ስለ ሕግ፣ ስለ ጤናዋ፣ ለብቻዋ ብትወድቅ ማን እንደሚያነሣት ትናገር ጀመር፤ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ኦስላ ወደ ክሩ ተመለሰች። ሮሪ አንዱ እግሩ እንደ ንጉሥ ለብሶ፣ ሌላው ባዶውን ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቆሟል። ዐይኑ እንባ አቅርሯል፤ ኦስላ አይታዋለች፣ አልራራችለትም።

«ናና፣ ቅዳሜ ምን ላድርግ ታዲያ?» አለ በቀጭኑ።

«ሱቁ ነጭ ያከራያል» አለችው።

ተረከዙን ተረተረችው፤ እሱ ከሌላው ይልቅ ጠብቆ ስለነበር በኃይል መሳብ ጠየቃት። ከዚያ ክሩ በድንገት ላላ፣ ጣቷ ሥርም ለስላሳው የትናንቱ ሥራ መጣ። መስመሩ ላይ ደረሰች። እዚያ ላይ አቆመችና ክፍት የቀሩትን ቀለበቶች አንድ በአንድ መርፌዎቿ ላይ መልሳ ትሰካ ጀመር።